የጆንያው አፍ

የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ማታ ደወለልኝ። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚደውለው ላፕቶፑ ሲበላሽ ወይ ብር ሲያልቅበት ነው። ያን ቀን ግን ጥያቄው ሌላ ነበር።

«የፋክቶሪዮን ዴሞ ጨረስኩት። አንተ ሙሉውን ተጫውተኸዋል አይደል? እውነቱን ንገረኝ፣ ሙሉው እንደዚህ ነው?»

«አዎ» ልለው ፈለግሁ፤ አልወጣልኝም። «አይደለም» ልለው ሞከርኩ፤ እሱም አልወጣም። «መልሼ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ለማታውቁት፦ ፋክቶሪዮ ፋብሪካ የመገንባት ጨዋታ ነው። ዉቤ ሶፍትዌር የሚባል ኩባንያ የሠራው ነው (ስሙ ውቤ በረሃን ቢያስታውሳችሁም ሰዎቹ ያሉት ፕራግ ነው)። ባዶ እጅህን ባዕድ ፕላኔት ላይ ትወድቃለህ። ብረትና መዳብ ትቆፍራለህ፣ ታቀልጣለህ፣ ማሽን ትሠራለህ፣ ማሽኑ ሌላ ማሽን ይሠራልሃል። መጨረሻው ሮኬት ማስወንጨፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ገና ሳያልቅ ስቲም ላይ ወጣ፤ 1.0 የተባለው በነሐሴ 2020 ነው።

ሰሪዎቹ አንድ ግትር አቋም አላቸው፤ ቅናሽ አያደርጉም። ሌላው ጨዋታ በየበዓሉ በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ ፋክቶሪዮ ዋጋው አይነካም። እንዲያውም በ2023 መጀመሪያ ላይ ከ30 ወደ 35 ዶላር ከፍ አደረጉት። «ካልተማመንክ በነጻ ዴሞውን ሞክር» ነው ነገሩ። ስለዚህ ዴሞው ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። ቅናሽ ጠብቆ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ያለው ብቸኛ መተማመኛ እሱ ነው።

ለአክስቴ ልጅ ደግሞ 35 ዶላር ማለት ቀላል አይደለም። ስቲም በብር አይሸጥም፤ የውጭ ካርድ የለውም፤ ያለው መንገድ ሜሪላንድ ያለችውን እህቱን መለመን ነው። ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት 35 ዶላር በባንክ ዋጋ 2,000 ብር ገደማ ነበር። ዶላሩ 100 ብርን ካለፈ በኋላ ከ3,500 በላይ ሆነ። እህቱ ትልክለታለች፤ ግን አንዴ ነው የሚለምናት። ባይወደው «ያን ጊዜ የገዛሁልህ ጨዋታስ?» የሚለው ጥያቄ በየበዓሉ ስልክ ሲደዋወሉ ይመጣል። ቤተሰብ ውጭ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

እሺ፣ ዴሞው ውስጥ ምን አለ? የተመሩ ጥቂት ደረጃዎች አሉ። ይህን ያህል ብረት ቆፍር፣ ይህን ሥራ፣ ያንን ምርመር እያለ እጅህን ይዞ ይወስድሃል። የድንጋይ ከሰል በእጅህ ምድጃ ውስጥ ትጨምራለህ። ከዚያ ቤልት ትዘረጋለህ፤ ዕቃ አንስቶ የሚያስቀምጥ ትንሽ የብረት ክንድ ታቆማለህ፤ መጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይነካው ከሰሉ ራሱ ወደ ምድጃው ሲገባ ስታይ ደረትህ ውስጥ የሆነ ነገር ይነካሃል። ይሄ ስሜት እውነት ነው፤ ሙሉው ጨዋታ ውስጥም አለ። በዴሞው ውስጥ ያለ ምድጃ የሙሉው ጨዋታ ምድጃ ነው፣ ቤልቱም ያው ቤልት ነው። አንድም የተሸለመ፣ ለማሳያ ተብሎ የተቀባ ነገር የለበትም።

እንዲያውም በጨዋታው ዓለም የተለመደው ተቃራኒው ነው። ብዙ ዴሞዎች ሰሪው ወራት ያጠፋባቸው፣ ከሙሉው ጨዋታ ይልቅ የሚያብረቀርቁ ቁራጮች ናቸው። የፋክቶሪዮ ዴሞ ግን ያሳየህ ደሃውን ክፍል ነው። አሰልቺውን፣ ዘገምተኛውን፣ ከሰል በእጅ የምትጨምርበትን። በሙሉው ውስጥ የፋብሪካህን አንድ ሰፈር እንዳለ ገልብጠህ ሌላ ቦታ ስታስቀምጠው በራሪ ሮቦቶች መጥተው የሚገነቡልህ ሰዓት ይመጣል። ዴሞውን ሞክሮ «ይሄማ የቀን ሥራ ነው» ብሎ የሸሸ ሰው ያንን አላየም። ስለዚህ ዴሞው በድሏል ከተባለ መጀመሪያ የበደለው ራሱን ጨዋታውን ነው።

ታዲያ ለምን «አዎ» ማለት አቃተኝ?

እናቴ እህል በረንዳ ስትወስደኝ ልጅ ሆኜ የማየው አንድ ነገር ነበር። ነጋዴው ጆንያውን ከፍቶ ጤፉን ያሳያታል። እሷ የላይኛውን አታይም። እጅጌዋን እስከ ክንዷ ትሰበስብና እጇን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኗ ትከትታለች፤ ከሥር ትዘግንና መዳፏ ላይ ዘርግታ እፍ ትላለች። ነጋዴው አይቀየምም፤ ሁሉም ገዢ እንደዚያ ነው። ከጆንያው አፍ ላይ ያለው ጤፍ ውሸት አይደለም። ጤፍ ነው። ግን ነጋዴው የትኛው ላይ እንደሚሆን መርጧል፣ ገዢዋም እንደመረጠ ታውቃለች።

ብዙዎቻችን ዴሞን የምናስበው እንደዚህ ነው፤ ከላይ ያለው ከታች ካለው ጋር ይመሳሰላል ወይስ አይመሳሰልም? ስቲም ራሱ እጅህን እንድትከት ይፈቅድልሃል። ከገዛህ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወትክ ገንዘብህ ይመለሳል። በ2 ሰዓት ፋክቶሪዮ ውስጥ የት ትደርሳለህ? ጀማሪ ከሆንክ እዚያው ዴሞው አካባቢ ነህ። ሮኬቱን ከ15 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ላስወነጨፈ ሰው ጨዋታው እንደ ልዩ ጀግንነት ሽልማት ይሰጠው የነበረ ጨዋታ ነው። ስለዚህ የ2 ሰዓቱ መብት እጅን እስከ አንጓ ብቻ መክተት ነው።

ግን እጅህ ሙሉ በሙሉ ቢገባስ? እዚህ ላይ ነው የጤፉ ምሳሌ የሚሰበረው። የነጋዴው ጆንያ ሥሩ አሁን አለ፤ አይታይም እንጂ ተሞልቷል። የፋብሪካ ጨዋታ ሥር ግን ገና አልተሞላም። የምትሞላው አንተ ነህ፣ የምትሞላውም በስህተትህ ነው።

የኔን ልንገራችሁ። ሃያ ሰዓት ገደማ ላይ ነዳጅ ማጣራት ጀመርኩ። የተሻሻለው ማጣሪያ በየ5 ሰከንዱ 100 ድፍድፍ ነዳጅና 50 ውኃ ይወስድና ሦስት ነገር ይሰጣል፤ 25 ከባድ ዘይት፣ 45 ቀላል ዘይት፣ 55 ጋዝ። እኔ የምፈልገው ጋዙን ነው። ጋዙ ፕላስቲክ ይሆናል፣ ፕላስቲኩ ቀዩን ሰርኪት ይሠራል፣ ሰርኪቱ ወደ ላብራቶሪ የሚሄደው ሰማያዊ ሳይንስ ውስጥ ይገባል። ከባዱን ዘይት ምን ላድርገው? ታንከር አቆምኩለትና እዚያ ሰደድኩት። ሁሉም ነገር ሠራ። ፕላስቲክ ወጣ፣ ላብራቶሪዎቹ በሩ፣ እኔም ሌላ ሥራ ጀመርኩ።

አንድ ታንከር 25,000 ይይዛል። ከአንድ ማጣሪያ በየ5 ሰከንዱ 25 ሲገባበት ለመሙላት 5,000 ሰከንድ፣ ማለትም 83 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሲሞላ ከባዱ ዘይት መውጫ ያጣል፤ መውጫ ሲያጣ ማጣሪያው ይቆማል፤ ማጣሪያው ሲቆም ጋዙም ይቆማል። ፕላስቲክ የለም፣ ሰርኪት የለም፣ ሳይንስ የለም። እኔ ግን ያን ሰዓት ከካርታው ሌላ ጫፍ ላይ የመዳብ ማቅለጫ እየሠራሁ ነበር። አንድ የመጀመሪያውን ቢጫ ቤልት ለመሙላት 48 የድንጋይ ምድጃ ያስፈልጋል፤ እሱን እየደረደርኩ። ላብራቶሪዎቹ መቆማቸውን ሳይ ሰርኪቱን ጠረጠርኩ፣ ከዚያ ኤሌክትሪኩን። ከባዱ ዘይት በሐሳቤም አልመጣ። በመጨረሻ ሳገኘው ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ሌላ ታንከር ጨመርኩ። ለችግሩ የ83 ደቂቃ ቀጠሮ ሰጠሁት። ከባዱን ዘይት ሰባብሮ ወደ ቀላል፣ ቀላሉን ደግሞ ወደ ጋዝ መቀየር እንደሚቻል ያን ጊዜም አውቅ ነበር፤ ግን ቧንቧ ማሳለፊያ ቦታ ሳልተው ሁሉንም አጨናንቄ ሠርቼዋለሁ። ተጫዋቾች እንዲህ ያለውን ፋብሪካ ስፓጌቲ ይሉታል። የኔ ስፓጌቲ ሳይሆን ተቀቅሎ ያደረ ፓስታ ነበር።

የጨዋታው ልብ ይሄ ነው። ቤልትና ምድጃ ሳይሆን በስህተቱና በውጤቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። ዴሞው ይህንን ማሳየት አይችልም፤ ምክንያቱም ርቀቱ ከዴሞው ራሱ ይረዝማል። ደረጃው ሲያልቅ የሠራኸው ነገር እዚያው ቀርቶ አዲስ ቦታ ትጀምራለህ፤ ያጣመምከው ቤልት ተከትሎህ አይመጣም። በዴሞው ውስጥ ሁላችንም ጎበዝ መሐንዲስ ነን።

ዉቤዎች ይህን የማያውቁ አይምሰላችሁ። ከ2013 ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ስለ ሥራቸው በግልጽ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ጆንያቸውን እነሱው ራሳቸው ገልብጠው አሳይተዋል ማለት ይቻላል። እንዲያውም በ2019 ጀማሪዎች ነዳጁ ላይ እየተጣበቁ ስላስቸገራቸው የመጀመሪያውን ማጣሪያ ቀየሩት፤ ሦስቱን ሳይሆን ጋዝ ብቻ እንዲሰጥ አደረጉት። ደግነት ነው። ግን ችግሩን አላጠፉትም፤ ወደ ኋላ ገፉት፣ ወደ ተሻሻለው ማጣሪያ። እኔን የጠበቀኝ እዚያ ነው። ለጀማሪ መንገዱን ማለስለስ ርኅራኄ ነው ወይስ ውጤቱን የበለጠ ማራቅ? ሁለቱም ይመስለኛል፤ ይሄ ደግሞ ምቾት አይሰጠኝም።

ኤል. ኤ. ፖል የምትባል አሜሪካዊት ፈላስፋ በ2014 ባሳተመችው ትራንስፎርማቲቭ ኤክስፒሪየንስ በሚለው መጽሐፏ የቫምፓየር ምሳሌ አላት። ቫምፓየር ልሁን ወይስ ልቅር ብለህ ስትወስን፣ ቫምፓየር መሆን ምን እንደሚመስል ሳትሆነው ልታውቅ አትችልም፤ ከሆንክ በኋላ ደግሞ የምትወደውና የምትጠላው ራሱ ይቀየራል። ልጅ መውለድም እንደዚያ ነው ትላለች። ጨዋታን ከልጅ ጋር ማወዳደር ማጋነን ነው፤ ግን በትንሹ እኔም ላይ ደርሷል። ከፋክቶሪዮ በፊት የምወደው ያለቀ ነገር ነበር። አርባ ሰዓት ከተጫወትኩ በኋላ የምወደው የቆመ ነገር ሆነ፤ የት ጋ እንደታነቀ መፈለግ። ዴሞውን ሞክሮ የሚፈርደው ሰውና አርባኛው ሰዓት ላይ የሚቀመጠው ሰው አንድ ካልሆኑ፣ ዴሞው ለየትኛው ነው ታማኝ መሆን ያለበት?

ፖል መውጫ አላት፤ «ይጥመኛል ወይ?» ብለህ ሳይሆን «ምን እንደሚመስል ማወቅ እፈልጋለሁ ወይ?» ብለህ ምረጥ ነው ሐሳቧ። ያምራል። ግን ለማወቅ ብሎ መክሰር ገንዘቡ ለሌለው ሰው ሌላ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ ለማወቅ ብሎ የእህቱን አንድ እሺታ ሊያወጣ ነው።

እዚህ ድረስ የጻፍኩት ስለ ጨዋታ ነው፤ ግን ያን ቅዳሜ ስልኩን ያዘጋኝ ጨዋታው ብቻ አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በፊት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ለአንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ የንብረት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሠርተን ነበር። ዴሞውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። አርባ ዕቃ በእጄ አስገብቼ በአንድ ላፕቶፕ አሳየሁ፤ ሲሚንቶ ገባ፣ ሲሚንቶ ወጣ፣ ቀሪው ወዲያው ታየ። አንድም የውሸት ገጽ አልነበረውም፤ ያሳየሁት በሙሉ የሚሠራ ነበር። ሰዎቹ ደስ አላቸው፣ ፈረሙ።

ያላሳየሁት ነገር ነበር። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሁለቱ መጋዘኖች ለየብቻቸው ይመዘግባሉ፤ መስመሩ ሲመለስ ሲስተሙ ሁለቱን ያስታርቃል። የማስታረቂያ ደንቤ ቀላል ነበር፤ መጨረሻ የተጻፈው ያሸንፋል። ያ ማለት የአንደኛው መጋዘን ሽያጭ በሌላው ሊሸፈን ይችላል ማለት ነው። ይህን አውቅ ነበር። «በሚቀጥለው ወር እናስተካክለዋለን» ብዬ ማስታወሻ ሁሉ ጽፌበታለሁ። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ግን የሚታረቅ ነገር የለም፤ ስለዚህ ዴሞው ላይ አልታየም። እኔም አላነሳሁትም። ማን ይጠይቃል?

ሦስተኛው ወር ላይ ቆጠራ ሲደረግ 60 ኩንታል ሲሚንቶ ጎደለ። አልጎደለም፤ ሽያጩ ተሸፍኖ ነው። ግን ወረቀቱ ላይ ጎደለ፣ የተጠየቁት ደግሞ የመጋዘን ኃላፊዋ ናቸው። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ሃያ ዓመት በደብተር ሲሠሩ አንድ ኩንታል ያልጎደለባቸው ሴት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረሰኝ በደረሰኝ አብሬያቸው ቆጠርኩ። የድሮ ደብተራቸውን አልተዉትም ነበር፤ ነጻ ያወጣቸው እሱ ነው። በመጨረሻው ቀን መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ያን ቀን ያሳየኸን ሌላ ነበር እንዴ?»

«አይ፣ ያው ነው፤» አልኳቸው።

ያው ነበር። ውሸት ተናግሬ ቢሆን ይቅርታ መጠየቅ ይቀለኝ ነበር። ምን ብዬ ይቅርታ ልበል? «ያሳየሁዎት ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ዘግይቶ የሚመጣውን እኔ አውቅ ነበር፣ እርስዎ አያውቁም ነበር» ልበል? በኋላ ሳስበው መባል የነበረበት ይኸው ነው። ያን ቀን ግን «በጣም አዝናለሁ» ብቻ አልኩ፤ እሳቸውም «ይሁን» ብለው ደብተራቸውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት።

ስለዚህ ዴሞ ፍትሐዊ ነው ወይ ሲሉኝ ቁራጩ ሙሉውን ይመስላል ወይ የሚለው ጥያቄ አሁን ብዙም አይስበኝም። አንድ ማንኪያ ወጥ ድስቱን ሙሉ ይናገራል፤ ፋብሪካም ሶፍትዌርም ወጥ አይደሉም። የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው ማን ነው? ሻጩ ብቻ ከሆነ፣ ቁራጩ የቱንም ያህል እውነተኛ ቢሆን አንድ ነገር ተሰርቋል። በዚህ ሚዛን የዉቤን ዴሞ ከኔው አስበልጠዋለሁ። እነሱ ለመናገር የደበቁት የለም፤ የጨዋታው ችግር ደግሞ የሚከፈለው በራስህ እንቅልፍ ነው። የኔውን የከፈሉት ሌላ ሰው ናቸው። ግን የፋክቶሪዮ ዴሞ መጨረሻ ላይ አንዲት የታነቀች ማጣሪያ ያለባት ፋብሪካ ቢያስቀምጡና «ይህ የአንተ ነው፣ ከሃያ ሰዓት በኋላ» ቢሉ ደስ ይለኝ ነበር። ገዢ ሊሸሽባቸው ይችላል። እኔስ ያን ቀን ሁለተኛ ላፕቶፕ አምጥቼ፣ ዋይፋዩን አጥፍቼ፣ ያንኑ ሲሚንቶ ሁለት ጊዜ ሸጬ ባሳይ ይፈርሙልኝ ነበር? አይመስለኝም። የቤት ኪራያችን የሁለት ወር ውዝፍ ነበረበት። ይህን የምለው ለማስተባበል አይደለም፤ ዝም ያልኩበት ምክንያት ግን እሱ ነው።

እሑድ ከሰዓት ለአክስቴ ልጅ መልሼ ደወልኩና ቤት ና አልኩት። ቡና ሳይፈላ ላፕቶፔን ሰጠሁት፤ ያንኑ የድሮ ፋብሪካዬን፣ ታንከሮቹ የሞሉበትን፣ ላብራቶሪዎቹ የቆሙበትን ከፍቼ።

ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ካርታውን አየ። «ማነው እንደዚህ የሠራው?» አለ።

«እኔ።»

«አንተ ኢንጂነር አይደለህ እንዴ?»

መልስ አልሰጠሁትም። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሄድ እሱ ቧንቧ እየተከተለ ነበር። ሲኒው አጠገቡ ቀዘቀዘ። ከባዱን ዘይት ለማግኘት አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀበት፤ ሲያገኘው ጮኸ፣ እናቴም ከጓዳ «ምን ሆነ?» አለች። እርግጥ ይሄም ሙሉ እጅን መክተት አይደለም፤ የኔን ስህተት አየ እንጂ የራሱን አላየም፣ የሌላ ሰው ጥፋት ማረም ደግሞ ምንጊዜም ደስ ይላል። ነገርኩት። «ገባኝ ገባኝ» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ታክሲ እንዳያመልጠው ብዬ አስነሳሁት። ማጣሪያው ይሠራል። ዘይቱን ለማሳለፍ ብሎ ግን አንድ የብረት ቤልት ቆርጧል፤ አልነገረኝም፣ ምናልባት አላየውም። ሳምንት ሆነው፣ ቀዩ ሳይንስ ቆሟል። እህቱን ደውሎላት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።